ፕሮግራሙ በየሳምንቱ ይፈርስብኛል

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ ልጄ 6 ዓመቷ ነው፤ ወንድሟ 4 ዓመት ሞልቶታል፤ የመጨረሻው ገና የ8 ወር ሕፃን ነው። ዘንድሮ ቤት በመቀየራችን የቀድሞው ትምህርት ቤት ራቀን፤ የባጃጁም ክፍያ ከበደን። ስለዚህ ሁለቱን ልጆች ለአንድ ዓመት ያህል እቤት እንዳስተምራቸው ከባለቤቴ ጋር ተስማማን። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር በመሆኑ ጅቡቲ ይመላለሳል፤ መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚገባ አስቀድሞ አይታወቅም። መስከረም ላይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት በ40 በ40 ደቂቃ የተከፋፈለ ፕሮግራም አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። እስካሁን አምስት ጊዜ አስተካክዬዋለሁ። ሆኖም ሕፃኑ ሲያመው፣ ውሃ ሲመጣ ወይም አባታቸው ሲገባ ወዲያው ይፈርሳል። ሐረር የሚኖሩት አማቴ በመጡ ቁጥር ‹ልጆቹ ባከኑ› ይሉኛል። የማይፈርስ ፕሮግራም ካለዎት ይስጡኝ።»

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም እንደማይወደድ አውቃለሁ፤ ሰፈር ውስጥ ተገናኝተን ቢሆን ኖሮ «አንቺ» ብዬ ነበር የምጀምረው። ጽሑፍ ግን የራሱ ወግ ስላለው «እርስዎ» እያልኩ ልቀጥል።

የማይፈርስ ፕሮግራም የለኝም። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ሃያ ዓመት ያህል ባስተማርኩባቸው ክፍሎች ውስጥም አላየሁትም። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነብ ዓይኔን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው። ፕሮግራሙን አምስት ጊዜ ሲያስተካክሉ አምስቱንም ጊዜ የቀየሩት ሰዓቱን ነው፤ ቤትዎ በሰዓት የሚተዳደር ቤት አለመሆኑ ግን ከደብዳቤዎ በግልጽ ይታያል።

የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ በልጅ አእምሮ ልክ የተሰፋ አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ 50 ልጅ ሲቀመጥ፣ አንዱ መምህር ወጥቶ ሌላው ሲተካ፣ የጠዋቱ ፈረቃ ክፍሉን ለከሰዓቱ ሲለቅ፣ ሥራው እርስ በርሱ እንዳይጋጭ የተበጀ ዘዴ ነው። ከዚያ 40 ደቂቃ ውስጥ ስም መጥራቱ፣ ዝም ማሰኘቱ፣ ደብተር ማስወጣቱና እርሳስ የጠፋበትን ማባበሉ ተቀንሶ የቀረው ለ50 ልጅ ሲካፈል፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የመምህሩ ትኩረት አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከእርስዎ ፊት የተቀመጡት ግን ሁለት ልጆች ናቸው። ለ6 ዓመቷ 15 ደቂቃ፣ በዛ ከተባለም 20፣ በእርግጥ አጠገቧ ሆነው ካስተማሯት የዕለቱ ፊደል አለቀ ማለት ነው። በአገራችን ሥርዓተ ትምህርት ቅድመ አንደኛ የሚባለው ለ5ና ለ6 ዓመት ልጆች ሲሆን አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ስለሆነ፣ የ4 ዓመቱ ልጅዎ ገና ተማሪ አይደለም፤ እኅቱ ስትማር አጠገቧ መቀመጥ ካማረው ይቀመጥ፣ ካላማረው ይሂድ።

ይህን የምለው ራሴ ስለ ተሳሳትኩበት ነው። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጆቼን ሳሎን አስቀምጬ ክፍል ውስጥ እንደ ለመድኩት ላስተምር ተነሣሁ፤ በየክፍለ ጊዜው የምደውለው ትንሽ ቃጭልም ነበረኝ። በአራተኛው ቀን ቃጭሉ ጠፋ። ከሳምንት በኋላ ከሰል ላወጣ ጆንያው ውስጥ እጄን ስሰድ አገኘሁት፤ የቀበረው 5 ዓመት ያልሞላው የመጨረሻ ልጄ ነበር። አጥቤ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፤ እስከ ዛሬም አልደወልኩትም።

ታዲያ በሰዓት ካልሆነ በምን ይመሩ? በየቀኑ ሳይቀሩ በሚሆኑ ነገሮች። ቁርስ ይበላል፤ ሕፃኑ ረፋድ ላይ ይተኛል፤ ቡና ይፈላል፤ ቀትር ላይ ይሞቃል፤ አመሻሽ ላይ ይበርዳል። ትምህርቱን በእነዚህ ላይ ያንጠልጥሉት፦ ቁርስ ተነሥቶ ጠረጴዛው ሲወለወል ፊደል፤ ሕፃኑ ሲተኛ ትልቋ ብቻዋን ከእርስዎ ጋር የምትጽፍበት ጊዜ፤ ቡናው ሲቆላ ተረት ወይም ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነገር፤ ፀሐይ ስትበርድ ግቢ። ሕፃኑ አንድ ቀን በሦስት ሰዓት ቢተኛ፣ በማግስቱ እስከ አምስት ሰዓት እንቢ ቢል፣ ቅደም ተከተሉ አይናጋም፤ ሰዓት ያልተቆረጠለት ነገር ረፈደ አይባልምና። ልጆቹም ቢሆኑ በዚህ ዕድሜ ሰዓት አያነቡም፤ «ቡና ሲፈላ ተረት አለ» የሚለውን ግን ከእርስዎ ቀድመው ያስታውሳሉ፤ ጀበናው ሳይጣድ መጥተው ይቀመጣሉ።

የድሬን ሙቀት ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ነገር ግን ፕሮግራምዎ የተጀመረው በሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ የተዘረጋው እስከ ስድስት ሰዓት በመሆኑ፣ ቀዝቃዛው የማለዳ ሰዓት ለቤት ሥራ ሄዶ ልጆቹ በጣም የከበደውን ትምህርት የሚያገኙት ግድግዳው መጋል ሲጀምር ነው። ቢገለብጡት ይሻላል። ቁርስ በአንድ ሰዓት ካለቀ ፊደሉ ወዲያው ይከተል፤ እቃ ማጠቡ ይቆይ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ከተማው ራሱ ሱቁን ዘግቶ ጥላ ስለሚፈልግ፣ በዚያ ሰዓት ልጅን ደብተር ላይ ማጎንበስ ለማንም አይበጅም፤ ይተኙ፣ ወይም ሲሚንቶው ላይ ጋደም ብለው ይሳሉ።

ፊደሉን በተመለከተ ትንሽ ልቆይበት፤ ልጅቱ ከዚህ ዓመት ይዛ የምትወጣው ዋናው ነገር እሱ ነውና። ብዙ እናቶች ልጃቸው ከሀ እስከ ፐ ሳታቋርጥ ስትል ሰምተው ፊደል ለየች ብለው ይደሰታሉ። ከዚያ አንዱን ፊደል ለብቻው በጣት ጠቁመው «ይህ ማነው?» ሲሏት ከሀ ጀምራ በሆዷ እየዘፈነች እስኪደርስባት ድረስ ትወርዳለች። ዘፈኑን ነው የያዘችው፤ ፊደሉን ገና አላየችውም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ከጥንት ያውቁ ስለነበር ነው ሀሁ ያለቀለትን ልጅ ወደ አቡጊዳ የሚያሻግሩት፤ «አቡጊዳሄውዞ» ሲባል ቅደም ተከተሉ ስለሚፈርስ ሸምዳጁ ይጋለጣል። እርስዎም ይህንኑ በቀላሉ ሊያደርጉት ይችላሉ፦ ፊደላቱን ከካርቶን በተቆረጡ ቁራጮች ላይ ጽፈው ያደባልቋቸው።

33ቱ የፊደል ቤቶች በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መሸምደድ ለልጅ ሸክም ነው። ቤተ ዘመዱን ካሳዩአት ግን ሸክሙ ይቀልላል። ካዕብ ብዙውን ጊዜ በቀኝ በኩል ክንዱን ይዘረጋል፦ ሉ፣ ሱ፣ ቡ። ሣልስ ከታች እግሩን ያስቀድማል፦ ሊ፣ ሲ፣ ቢ። ኃምስ እዚያው እግሩ ላይ ቀለበት ያጠልቃል፦ ሌ፣ ሴ፣ ቤ። ሳድስ ደንብ አያከብርም፤ እሱን በዓይን ከመልመድ ሌላ መንገድ የለም። ሰ ኮፍያ ሲያደርግ ሸ ይሆናል፤ ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ዘ ዠ፣ ደ ጀ ይሆናሉ። በሀ፣ በሐ እና በኀ፣ እንዲሁም በሰ እና በሠ መካከል ያለውን የአጻጻፍ ልዩነት ግን ለጊዜው ይተዉት፤ አዋቂዎች ገና ያልተስማማንበትን ጉዳይ በ6 ዓመት ልጅ ላይ መጫን አይገባም።

የምጽፍበት ወረቀት የለም ብለው አይቸገሩ፤ ግቢዎ ሲሚንቶ ከሆነ ከማንኛውም ሰሌዳ ይበልጣል። አንድ ጣሳ ውሃና ጫፉ ተቀጥቅጦ ብሩሽ የሆነ የመፋቂያ እንጨት ለልጅቱ ይስጧት። ረፋድ ላይ ሲሚንቶው ሞቅ ሲል «ቡ» ብላ በውሃ ስትጽፍ፣ ክንዱን ሳትጨርስ የፊደሉ እግር መድረቅ ይጀምራል። ከመድረቁ በፊት ማንበብ ጨዋታው ነው፤ ወንድሟም «ጠፋ! ጠፋ!» እያለ ይዳኛል። ሃያ ጊዜ ጻፊ ብትባል የምታለቅስ ልጅ፣ ፀሐይ ስትሽቀዳደማት ሠላሳ ጊዜ ትጽፋለች። እኔ ብዙ ልጆችን ከደብተር ይልቅ በዚህ መንገድ ፊደል አስይዣለሁ፤ ለደመናማ ቀን ግን አይሆንም፤ ደግነቱ በእኛ ከተማ ደመናው ብዙ አይደለም።

ውሃ ሲመጣ ፕሮግራሙ ይፈርሳል ብለዋል። ውሃ የመጣበት ዕለት የሒሳብ ዕለት ይሁን። 20 ሊትሩን ጄሪካን በ2 ሊትር ሃይላንድ ሲሞሉት ስንት ጊዜ እንደሚገለበጥ ልጅቱ ከሰል ይዛ በር ላይ መስመር እያሰመረች ትቁጠር፤ አሥረኛው ላይ ጄሪካኑ አፉ ድረስ ሲደርስ የምታሳየውን ፊት ይመልከቱ። ትንሹ ደግሞ የሞላውንና ባዶውን ይለይ፤ ጣሳ ይቀዳ፤ የፈሰሰውን ይጥረግ። ሥራውን እንዲያደናቅፍ መፍቀድ አይምሰልዎት። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ለሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች የከፈተችው ቤት ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚነገርለት፣ ውሃ መቅዳትን፣ መጥረግንና ቁልፍ መቆለፍን እንደ ትምህርት ቆጥሮ ለልጆች በመስጠቱም ጭምር ነው። ይህን ለአማትዎ ቢነግሯቸው «እኛስ ልጆቻችንን በምን አሳደግናቸው?» ብለው እንደሚስቁ እገምታለሁ፤ ቢስቁም እውነት አላቸው።

ከሰዓት በኋላ ሲበርድ ልጆቹን ወደ ቀፊራ ገበያ ይዘው ሲወርዱ ማንጎ በዓይነት ትለይ፣ መልስ ትቀበል፣ ብር ትቁጠር። ድሬ የሰጠቻችሁን ሌላ ሀብትም አይርሱ። ከጎረቤት ልጆች ኦሮምኛውንም ሶማልኛውንም እየሰሙ ያድጋሉና ቁጥሩን በሦስቱም ትቁጠርልዎ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ፤ ኮው፣ ለበ፣ ሰደሕ። «ለመ»ና «ለበ» እንደሚመሳሰሉ ራሷ እስክታስተውል ይጠብቁ፤ አይንገሯት። የተማርኩት ብዙ ነው ከሚሉ ሰዎች መካከል ይህችን መመሳሰል ልብ ያላሉ ሞልተዋል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። አባት ከመንገድ የገባበት ቀን ለልጅ በዓል ነው፤ በበዓል ቀን ሀሁ ማስቆጠር ልጁንም አባቱንም ያስቀይማል። ያን ዕለት ደብተር አይውጣ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ግን መኪናው ከቆመበት ድረስ ከአባታቸው ጋር ይሂዱ፤ ልጅቱ የመኪናውንና የተሳቢውን ጎማ ዞራ ትቁጠር፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ታንብብ፤ የጅቡቲ ፍራንክ ካለ ከብራችን ጋር አስተያይታ ትሳል። የሄዱበትን መንገድ ከቤት እስከ ደወሌ፣ ከደወሌ እስከ ባሕሩ፣ ወረቀት ላይ መስመር እየሳቡ ያሳዩአት፤ የት እንዳደሩ፣ የት ሻይ እንደ ጠጡ፣ የት ግመል መንገድ እንደ ዘጋባቸው ነጥብ ይደረግበት። ካርታ ማለት ይኸው ነው፤ ልጅቱም አባቷ በሌሉበት ሳምንት ጣቷን በመስመሩ ላይ እየነዳች «አሁን እዚህ ደርሷል» ማለት ትጀምራለች። ጊዜ ካገኙ ሁላችሁም ወደ ለገሃሬ ወረድ ብላችሁ የምድር ባቡሩን አሮጌ ጣቢያ አሳዩአቸው፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ኖሮ ድሬዳዋ ዛሬ ባለችበት መልክ እንደማትኖር ከአባታቸው አንደበት ቢሰሙት፣ አባት ከሚሠራው ሥራ ጋር አያይዘው ይይዙታል። ከሰዓት በኋላውን ግን ለባለቤትዎ ይተዉላቸው፤ ድሬ ከሰዓት በኋላ የት እንደምትገኝ እኔም አውቃለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ።

አማትዎ «ልጆቹ ባከኑ» ሲሉ ይከፋዎታል፤ እውነትዎን ነው። ነገር ግን ሰው በማያየው ነገር ላይ መፍረዱ አይቀርም፤ ልጆቹ ሲማሩ አላዩም፣ ሲጫወቱ አይተዋል። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ያንሡትና አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይግዙ። በዚህ ደብተር የሚጻፈው ሊሆን የታሰበው ሳይሆን የሆነው ነው፤ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ሦስት አራት መስመር ይበቃል። ለምሳሌ፦ «ማክሰኞ። ውሃ መጣ፤ ጄሪካን በሃይላንድ ቆጠረች፣ አሥር። ቀ እና ተ ተምታቱባት። ምስር ስንለቅም ትንሹ በተነው፤ ደግመን ለቀምን። ተረት አልነበረም፤ ሕፃኑ አተኮሰው።» ዓርብ ማታ የሳምንቱን አንብበው ምን እንደ ጎደለ ያያሉ፤ ሦስት ቀን ተረት ካልነበረ ቅዳሜ ተረት ይሆናል። እንግዲህ የምመክርዎ «ተለዋዋጭ ፕሮግራም» የሚባለው ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። አማትዎ ሲመጡም ደብተሩን ከፍተው ያንብቡላቸው።

ከዚያም አልፈው ሥራ ይስጧቸው። የሐረር ሴት እጇ ስፌት ያውቃል፤ አማትዎም የሚሰፉ ከሆነ አለላው እየተቀያየረ ሐረጉ ሲወጣ ልጅቱ አጠገባቸው ተቀምጣ «ሁለት ቀይ፣ አንድ ጥቁር፣ ሁለት ቀይ» እያለች ትከተል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ቀለም አስቀድሞ መናገር ከሒሳብ አይለይም። ተረቱንም ለእሳቸው ይልቀቁ፤ «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» የሚሏቸው ሁለት ልጆች እያሉ ባከኑ ማለቱ ይከብዳቸዋል። ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ሲጠና ደግሞ ልጆቹ ጥቂት ሳምንት እሳቸው ዘንድ ቢከርሙ መልካም ነው፤ ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ደንገጎን እንደ ወጡ ነፋሱ ይለወጣል፤ የእርስዎም ትከሻ ጥቂት ያርፋል።

ሕፃኑ የታመመበት፣ ሌሊቱን ያልተኙበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ለእንደዚህ ያለው ቀን አንድ ነገር ብቻ ያስቀምጡ፤ ለእኔ ቤት ንባብ ነበር። ሕፃኑን አቅፈው፣ ሁለቱን ግራና ቀኝ አስደግፈው፣ አንድ የተረት መጽሐፍ ወይም የመጽሔት ገጽ ካነበቡላቸው ቀኑ ቀን ነው። ስልኩን በተመለከተ ረጅም ምክር የለኝም፤ እርስዎ ምሳ እስኪያደርሱ ቢያዩ አልፈርድም፣ ከፊደሉ በፊት ግን አይከፈት፤ ከተከፈተ በኋላ ሲሚንቶው ላይ የሚጻፈው ውሃ ዋጋ ያጣል። የእኩያ ነገር ደግሞ በሳቢያን ግቢዎች ችግር አይሆንም፤ በሩን አመሻሽ ላይ ክፍት ይተዉት።

አንድ ጉዳይ ግን ለደብተሩ አይተዉት። ልጅቱ በሚቀጥለው ዓመት 7 ዓመት ሞልቷት አንደኛ ክፍል የምትገባ ከሆነ፣ ቅድመ አንደኛን እቤት ማሳለፏን እንዴት እንደሚያዩት ከወዲሁ ሊያስገቧት ከሚያስቡት ትምህርት ቤትና ከወረዳዎ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ቀርበው ይጠይቁ፤ የምዝገባውንም ቀን ያረጋግጡ። የልደት ምስክር ወረቀቷ ቤት ስትቀይሩ ከዕቃ ጋር ተደባልቆ ከሆነ ክረምቱ ሳይገባ ይፈለግ። ባለቤትዎም ከመንገድ በገቡበት ጊዜ ቅርብ ያሉትን ትምህርት ቤቶች አብራችሁ ዞራችሁ እዩ፤ ልጅቱን ይዛችኋት ብትሄዱ ደግሞ የትኛው በእግሯ እንደሚደረስ እሷው ትነግራችኋለች።